በሦስት ሳምንት እረፍት ኢምፕላንት ተተክሎ ያልቃል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «48 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። በግራ በኩል የታችኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ካስነቀልኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። ከላይም በዚያው በግራ የመጀመሪያው መንጋጋ ተሰብሮ ሥሩ ብቻ ቀርቷል። ለ3 ሳምንት ወደ አዲስ አበባ እመጣለሁ። በስልክ ያነጋገርኩት ክሊኒክ ሁለቱንም ተክሎ፣ ጥርሱን ገጥሞ እንደሚሸኘኝ ነግሮኛል። ይሆናል? ካልሆነስ ብሪጅ ይሻለኛል?»

የታችኛውን ብሎን፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባውን የኢምፕላንት ክፍል፣ በዚህ ጉዞ ማስተከል ይችላሉ። ከላይ የሚቀመጠውን ጥርስ፣ ክራውኑን፣ ግን በሦስተኛው ሳምንት አያስገጥሙ። የላይኛው ሥር ይነቀልና ቦታው ይዳን፤ ብሎኑ ለሚቀጥለው ጉዞ ወይም ለሜሪላንድ ይቆይ። ብሪጅ፣ ማለትም በጎረቤት ጥርሶች ላይ ተይዞ ክፍተቱን የሚሞላ ድልድይ፣ ለታችኛው በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ለላይኛው አያልቅም። ምክንያቱን ከአጥንቱ ልጀምር፤ ቀጠሮ የሚሰጠው እሱ ነውና።

ኢምፕላንት ሲባል የሚገጠመው ዕቃ ሦስት ነው፦ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን፣ በብሎኑ አናት ላይ ታስሮ ከድድ በላይ ብቅ የሚል አባትመንት፣ በዚያ ላይ የሚቀመጥ ክራውን። የሚታየውና የሚያኝከው ጥርስ ክራውኑ ነው። አባትመንትና ክራውን ልክ ከተወሰደ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይሠራሉ። ጊዜ የሚበላው ብሎኑ ከአጥንት ጋር እስኪዋሐድ ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብራኔማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል አጥንት ላይ አይቶ፣ በ1965 ጎተንበርግ ውስጥ ለመጀመሪያው ታካሚ ተከለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ሕግ ለታችኛው መንጋጋ 3፣ ለላይኛው 6 ወር መጠበቅ ነበር። ዛሬ የብሎኖቹ ገጽ በአሸዋ ተመትቶና በአሲድ ታጥቦ እንዲሻክር ስለሚደረግ አጥንት ቶሎ ይይዘዋል። አጥንቱ ጥሩ ከሆነ ታችኛው መንጋጋ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚበቃበት ሁኔታ አለ። 3 ሳምንት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ያውም ሦስተኛው ሳምንት ክፉ ጊዜ ነው። ብሎኑ በገባበት ዕለት የሚይዘው ጥብቀት ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ከብሎኑ ጥቂት ስለሚጠብ አጥንቱ ጨምቆ ይይዘዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውነት በመሰርሰሪያው የተጎዳውን አጥንት እየበላ ያነሣል፣ በቦታው አዲስ ይሠራል። መብላቱ ከመሥራቱ ስለሚቀድም ጥብቀቱ እየላላ ሄዶ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ግድም ከሁሉም ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ አጥንት የሚረከበው። በዚያን ሰዓት ሕመም የለም፣ ድዱ ድኗል፣ ስፌቱ ወጥቷል፤ ከላይ ላየው ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ታካሚም ሐኪምም የሚታለሉት በዚህ ነው።

ክራውን ለመግጠም የአባትመንቱ ማሰሪያ እንደ አምራቹ መመሪያ በ30 ወይም በ35 ኒውተን ሴንቲሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) ይጠብቃል። ያልያዘ ብሎን ይህን አይችልም፤ አብሮ ይዞራል፣ ታካሚውንም ውስጥ ለውስጥ ይወጋዋል። ሳይዞር ቢያመልጥ እንኳ በየማኘኩ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ከተነቃነቀ አጥንት መሥራቱ ይቀርና በዙሪያው ለስላሳ የጠባሳ ሥጋ ይበቅላል። እንዲህ የሆነ ብሎን አይመለስም፤ ይወጣል። ቀዳዳው ሰፍቶ ስለሚቀር እንደገና ለመትከል ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ፣ አንዳንዴም አጥንት መሙላት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚደርስብዎ ደግሞ ሜሪላንድ ከገቡ በኋላ ነው፤ ብሎኑን የተከለው ሐኪም አጠገብዎ በሌለበት።

«በአንድ ቀን ጥርስ» የሚለው ማስታወቂያስ? ውሸት አይደለም፤ የእርስዎን ጉዳይ ግን አይመለከትም። እሱ በአብዛኛው ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ላለቀ ሰዎች ነው፦ አራት ወይም ስድስት ብሎን ተተክሎ ሁሉም በአንድ ድልድይ እርስ በርስ ይታሰራል፤ አንዱ ሌላውን ስለሚደግፍ መነቃነቁ ይቀንሳል። በዚያ ቀን የሚገጠመውም ጊዜያዊ የአክሪሊክ ጥርስ ነው፤ የመጨረሻው ከወራት በኋላ ይተካል። የፊት ጥርስ ላይም ለመልክ ሲባል ወዲያው ጊዜያዊ ጥርስ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ከተቃራኒው ጋር እንዳይነካካ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ለብቻው የቆመ መንጋጋ ጥርስ ግን የአፍ ዋናው ወፍጮ ነው፣ ድጋፍም የለውም።

ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ የሚያኝከው በዋናነት ከላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጋር ነው። የእርስዎ የላይኛው እሱው ተሰብሮ ሥር ብቻ የቀረው ነው። ስለዚህ የታችኛው ክራውን አሁን ቢገጠም እንኳ የሚያኝክበት አቻ የለውም ማለት ይቻላል። የሚያስቸኩል ምክንያት የለም፤ አደጋውን ብቻ ነው የሚገዙት።

ከመምጣትዎ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ የሚጨርሱት ነገር አለ። የመጀመሪያው የሦስት ወር የስኳር መጠን፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ነው። ከ7% በታች ከሆነ የስኳር ሕመምተኛ መሆንዎ ብዙ አያሳስብም። ከ7 እስከ 8 መካከል በጥንቃቄ ይሠራል። ከ8 በላይ ከሆነ እኔ ብሆን አልተክልም፤ ስኳሩ ይስተካከልና ይመለሱ እላለሁ። ከፍተኛ ስኳር ቁስል ያዘገያል፣ አጥንት መሥራትን ያደክማል፣ ድድ ላይ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። በቀዶ ጥገናው ዕለት ቁርስ በልተው፣ መድኃኒትዎን እንደወትሮው ወስደው ይሂዱ። የጾም ወቅት ከሆነ ቀጠሮውን ከጾም ሰዓት ጋር አያጋጩት፤ ባዶ ሆድ፣ የስኳር መድኃኒትና ማደንዘዣ አብረው አይሄዱም።

ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ዴኖሱማብ የሚወስዱ ወይም የወሰዱ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ከጥርስ መንቀል በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርጉ ይችላሉ። በራስና አንገት ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰውም እንዲሁ። የደም ማቅጠኛ ካለ በራስዎ አያቁሙ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ኢምፕላንቱ የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጫትም አፍ ያደርቃል፣ በአንድ ጎን ሲያዝም ድዱን ይጎዳል። የድድ በሽታ ካለ መጀመሪያ ይታከማል፤ ጥርስ ያስነቀለው ባክቴሪያ ኢምፕላንትንም አይምርም።

ሁለተኛው ራጅ ነው። ተራው ጠፍጣፋ ራጅ የአጥንትን ቁመት በግምት ያሳያል፤ ስፋቱን ጨርሶ አያሳይም። የሚያስፈልግዎ ሲቢሲቲ የሚባለው ባለሦስት አቅጣጫ ራጅ ነው። ሜሪላንድ ካነሡት ፋይሉን ዳይኮም በሚባለው ዓይነት በፍላሽ ይያዙ፤ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል አይለካም። አዲስ አበባም ይነሣል። ያለ ሲቢሲቲ መንጋጋ ጥርስ ቦታ ላይ ልሰርስር የሚል ሐኪም ካጋጠመዎ ይለፉት።

ሐኪሙ እዚያ ላይ የሚለካው ይህን ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ከጉንጭ በኩል ይሟሽሻል፤ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን በዓመት ውስጥ የስፋቱ ግማሽ ሊሄድ ይችላል። እርስዎ 6 ዓመት ቆይተዋል። ለታችኛው መንጋጋ ተመራጩ ብሎን 4.8 ሚሜ ውፍረት ያለው ነው፤ በግራና ቀኙ ቢያንስ 1.5 ሚሜ አጥንት መቅረት ስላለበት ስፋቱ 8 ሚሜ ገደማ መሆን አለበት። 7 ብቻ ከሆነ 4.1 ሚሜ ብሎን ይወርዳሉ። ከዚያ ካነሰ አጥንት መጨመር ሊያስፈልግ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ወራት ነው። ከብሎኑ እስከ ጎረቤት ጥርስ ሥር 1.5 ሚሜ፣ ሁለት ብሎኖች ጎን ለጎን ከሆኑ በመካከላቸው 3 ሚሜ ይተዋል።

በቁመት በኩል ወሳኙ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ነው፤ የታችኛው ከንፈርና የአገጭ ስሜት በእሱ ነው የሚሄደው። ከብሎኑ ጫፍ እስከ ነርቩ ቦይ 2 ሚሜ መራቅ ግድ ነው። 10 ሚሜ ርዝመት ላለው ብሎን ከነርቩ በላይ 12 ሚሜ አጥንት ያስፈልጋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ የመሰርሰሪያው የሾለ ጫፍ በላዩ ከተጻፈው ጥልቀት ጥቂት ያልፋል፤ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ያልቆጠረ ሰው 2 ሚሜ ያስቀረ መስሎት 1.5 ያስቀራል። በምላስ በኩል ደግሞ አጥንቱ ከታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ ከወረደ በዚያ በኩል ወጥቶ ከምላስ ሥር ያለ የደም ሥር ሊቆርጥ ይችላል። ሲቢሲቲ የሚነሣው በዋናነት ለነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ከኋላው ያለው ሁለተኛው መንጋጋ ጥርስም በ6 ዓመት ውስጥ ወደ ባዶው ቦታ ሳይጋደም አይቀርም። ቦታው ከፊት ወደ ኋላ 10 ሚሜ ያህል ካለው መልካም ነው። 8 ከሆነ ክራውኑ ትንሽ ይሆናል። ከዚያ በታች ከጠበበ የተጋደመው ጥርስ በሽቦ እንዲቃና ወደ ኦርቶዶንቲስት መሄድ ይቀድማል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ከሚፈራው በታች ነው፤ አንድ ብሎን ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከአንድ ሰዓት በፊት 2 ግራም አሞክሲሲሊን በአንድ ጊዜ መውሰድ የመክሸፍን ዕድል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ የፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። አፍ ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ይታጠባል፣ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ድዱ ተከፍቶ አጥንቱ ይገለጣል። ለ4.8 ሚሜ ብሎን የሚሰረሰረው በአንድ ጊዜ አይደለም፦ በ2.2 ይጀመራል፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ፒን ተደርጎ ራጅ ይነሣል፣ ከዚያ 2.8፣ 3.5፣ በመጨረሻ 4.2። ቁጥሩ እንደ ብራንዱ ይለያያል። ፍጥነቱ ከ800 ዙር በደቂቃ ገደማ ጀምሮ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር ይቀነሳል፤ ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ መሰርሰሪያው ወጣ ገባ እየተባለ እንጂ ተጭኖ አይያዝም።

ይህን ያህል ስለ ውኃ ማውራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንት ለአንድ ደቂቃ ያህል ከ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ይሞታል። የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ጠጣር ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ የደነዘ መሰርሰሪያ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። የተቃጠለ አጥንት በዕለቱ አይታይም፤ ብሎኑም ጥብቅ ብሎ ይገባል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይጠዘጥዛል፣ ከዚያ ይላላል። መሰርሰሪያ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል አምራቹ ይወስናል፤ ክሊኒኩ ይህን የሚመዘግብ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም።

ብሎኑ በዝግታ፣ በደቂቃ 15 ዙር ገደማ ይገባል። ማሽኑ ላይ የሚነበበው የጥብቀት ቁጥር በ25 እና በ35 ኒውተን ሴንቲሜትር መካከል ወይም ጥቂት በላይ ቢሆን ደስ ይላል። በጣም ከፍ ማለቱ ጥሩ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ጠጣር አጥንት ላይ ብሎን በግድ ሲጨመቅ አጥንቱ ይጎዳል። ጥብቀቱ ጥሩ ከሆነ ከድድ በላይ የሚታይ የማዳኛ ክዳን በዚያው ቀን ይደረግበታል፤ ሁለተኛ ድድ መክፈት አያስፈልግም። ለእርስዎ የሚሻለው ይህ ነው፣ አንድ ጉዞ ይቀንሳል። ጥብቀቱ ካነሰ ወይም አጥንት ከተጨመረ ብሎኑ ድድ ሥር ተሸፍኖ ይሰፋል።

ማደንዘዣው በአብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቃል። በማግስቱ ጠዋት ከንፈርዎ ወይም አገጭዎ አሁንም የደነዘዘ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይደውሉ። «ይለቅዎታል፣ ይታገሡ» ቢባሉም ራጅ ይነሣልኝ ይበሉ፤ ነርቭ የተጫነ ብሎን ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ከወጣ ስሜቱ የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ከሳምንት በኋላ ቢወጣ ብዙም አይጠቅም።

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይጨምራል፣ ከዚያ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቀን በረዶ ከውጭ ያድርጉ። ለሳምንት ያህል አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ ለስለስ ያለ አልጫ ሽሮ ይብሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቁርጥ በዚያ ጎን ክልክል ነው፤ በርበሬ የበዛበት ወጥም ቁስሉን ያቃጥላል። ዘመድ በፍቅር የሚያመጣውን ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ፌጦ ቁስሉ ላይ አያስደርጉ፤ ድድ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ስፌቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወጣል።

አሁን ወደ ላይኛው። ሥሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከታችኛው ተከላ ጋር በአንድ ቀጠሮ ቢነቀል ይሻላል፤ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሦስት ሥር አለው፣ በመሰርሰሪያ ተለያይተው አንድ በአንድ መውጣት አለባቸው። በጉንጭ በኩል ያለው ስስ አጥንት ተደግፎ በጉልበት ከተነቀለ ግድግዳው ይሰበራል፤ ያ ግድግዳ ነው ኋላ ብሎኑን የሚሸፍነው። ኢንፌክሽን ከሌለ ጉድጓዱ በአጥንት ዱቄት ተሞልቶ ቢሸፈን የሚሟሽሸውን መጠን ይቀንሳል። ከዚያ ከ4 እስከ 6 ወር መጠበቅ ነው።

ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለው ሳይነስ የሚባለው የአየር ክፍት ነው፤ ጥርስ ሲነቀል ወለሉ ወደታች ይሰፋል። ከወራት በኋላ እንደገና ሲቢሲቲ ይነሣና ከሳይነሱ በታች የቀረው አጥንት ይለካል። 8 ሚሜና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ይተከላል። ከ5 እስከ 8 ከሆነ በዚያው ቀዳዳ በኩል የሳይነሱ ሽፋን ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይተከላል። ከ5 በታች ከሆነ ከጎን መስኮት ተከፍቶ አጥንት ይሞላል፤ በብዙ ሁኔታ ብሎኑ የሚገባው ከ6 ወር በኋላ ነው። ሳይነስ የተነካበት ሰው ለሁለት ሳምንት አፍንጫ አይናፈጥም፣ አፉን ከፍቶ ያስነጥሳል፣ አይበርርም። ከነቀላው በኋላ ውኃ ሲጠጡ በአፍንጫ የሚመጣ ከሆነ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ከመብረርዎ በፊት መዘጋት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ይነቀል ያልኩት ለዚህ ጭምር ነው።

ብሪጅን በሚመለከት፦ ከታች ቦታው ከዳነ 6 ዓመት ስለሆነ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሞርዶ ሦስት ጥርስ ያለው ብሪጅ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ሁለቱ ጎረቤቶች ትልቅ ሙሌት ወይም ክራውን ካላቸው ብሪጅ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ስኳሩ ካልተስተካከለም እንዲሁ። ንጹሕ ጥርሶች ከሆኑ ግን ከ1.5 እስከ 2 ሚሜ ጤነኛ ጥርስ መሞረድ ያሳዝናል፣ ወደፊትም የሥር ሕክምና ሊያስከትል ይችላል። የኋላው ጥርስ በጣም ከተጋደመ ደግሞ ብሪጁ አይገባም። ላይኛው ላይ አሁን ብሪጅ ቢሠራ ድዱ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ወደ ላይ ይሸሽና ከሥሩ ምግብ የሚገባበት ክፍተት ይተዋል።

ክራውኑን ከ3 ወር በኋላ ሲያስገጥሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ በማሰሪያ የሚታሰር እንጂ በሲሚንቶ የሚጣበቅ አይሁን። የሚታሰረው በማኘኪያው ገጽ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ማሰሪያው ከተጠበቀ በኋላ ቴፍሎን ተደርጎ በኮምፖዚት (በጥርስ መሙያ) ይደፈናል። አንድ ቀን ቢላላ ተከፍቶ ይጠበቃል። የሚጣበቀው ደግሞ ትርፍ ሲሚንቶ ወደ ድዱ ሥር ይገፋል፤ በዓይን አይታይም፣ በራጅም ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ድዱ መግል ሲይዝ መንስኤው እሱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፣ ንክኪው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንት ጋር የሚያያዝበት ጅማት ስላለው ሲጫኑት ከ25 እስከ 100 ማይክሮን ይሰምጣል፤ ኢምፕላንት ከ3 እስከ 5 ብቻ። ስለዚህ ሐኪሙ ስስ የብረት ወረቀት በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ በቀስታ ሲነክሱ ኢምፕላንቱ ላይ ወረቀቱ መንሸራተት አለበት፤ አጥብቀው ሲነክሱ ብቻ ይያዛል። በቀስታ ሲነክሱም ከያዘ ክራውኑ ከፍ ብሏል፤ የሚላላ ማሰሪያና የሚሰነጠቅ ፖርሴሌን የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌሊት ጥርስ የሚያፋጩ ከሆነ የሌሊት መከላከያ ያሠሩ።

ሜሪላንድ ሲመለሱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግዎ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ብሎን በታሸገበት ዕቃ ላይ የሚላጥ ተለጣፊ አለ፤ ብራንዱ፣ ሞዴሉ፣ ውፍረቱና ርዝመቱ፣ የማጣቀሻና የምርት ቁጥሩ ይጻፍበታል። ያንን ተለጣፊ በራስዎ ካርድ ላይ ያስለጥፉ፣ በስልክዎም ያንሡት። የተከሉበትን ቀን፣ የገባበትን የጥብቀት ቁጥርና የመጨረሻውን ራጅ ይጨምሩ። ብራንዶች እርስ በርስ አይገጥሙም፤ መፍቻው ራሱ ይለያያል። ይህ ከሌለ ሜሪላንድ ያለ ሐኪም ራጅ ላይ የብሎኑን ቅርጽ እያየ ሊገምት ይሞክራል፤ ብዙዎች ደግሞ ሌላ ሰው የተከለውን መንካት አይፈልጉም። ብራንዱ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መሆኑን ከመትከልዎ በፊት ይጠይቁ። «ተመሳሳይ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ አባትመንት ከኦሪጅናሉ ብሎን ጋር ሲገጠም በዓይን የማይታይ ክፍተት ሊተው ይችላል፤ እኔ ኦሪጅናሉ ይሁን እላለሁ።

ለክራውኑ ብቻ ተመልሰው ከመምጣት እዚያው ማስገጠም ይቻላል። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤትና ዋሽንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞች በመምህራን ክትትል ሥር ያክማሉ፤ ዋጋው ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል፣ ጊዜው ግን ይረዝማል። የጥርስ ኢንሹራንስዎን ውል ያንብቡ፦ ውሉ ከመጀመሩ በፊት የጠፋ ጥርስ ምትክ አንከፍልም የሚል አንቀጽ ያላቸው ብዙ ናቸው። የታችኛው በዚያ ሊወድቅ ይችላል፤ የላይኛው ግን በውሉ ዘመን ከተነቀለ ሊሸፈን ስለሚችል፣ ከመነቀሉ በፊት ይደውሉላቸው።

ኢምፕላንት አይበሰብስም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። የተፈጥሮ ጥርስ ላይ ድዱ በጅማት ተሰፍቶ ይይዛል፤ ኢምፕላንት ላይ ዙሪያውን አቅፎት ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን ቶሎ ወደ አጥንት ይወርዳል። ከ100 ኢምፕላንት ወደ 95 የሚሆነው ከ10 ዓመት በኋላም አፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሚወድቀው በአብዛኛው የድድ በሽታ፣ ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ስኳር ባለበት ነው። በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ በቀን አንዴ ከሁለቱም ጎን ያስገቡ። የወይራ መፋቂያ ለፊት ለፊቱ ገጽ ጥሩ ነው፤ ክራውኑ ከድድ ጋር ወደሚገናኝበት ጥግ ግን አይደርስም። በዓመት ሁለት ጊዜ ጥርስዎን ክሊኒክ ያሳጥቡ፣ ስኳር ስላለብዎ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ክራውኑ በተገጠመ ዕለት አንድ ራጅ ይነሣ፤ ወደፊት ሁሉም ከሱ ጋር ይነጻጸራል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 1 ሚሜ ግድም፣ ከዚያ በኋላ በዓመት ከ0.2 ሚሜ ያልበለጠ አጥንት መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ካለፈና ሲነካ የሚደማ ከሆነ ሕመም ባይኖርም ይታከሙ፤ ሕመም የሚመጣው አብዛኛው አጥንት ከሄደ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጥርሱ ሲነቃነቅ ቢሰማዎ አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ የላላው የአባትመንቱ ማሰሪያ እንጂ ብሎኑ አይደለም። በዚያ ጎን ማኘክ ያቁሙና በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ይሂዱ። የላላ ማሰሪያ በጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል ወይም በአዲስ ይለወጣል። ለወር እያኘኩበት ከቆዩ ግን ማሰሪያው ብሎኑ ውስጥ ይሰበራል፤ ስባሪውን ከዚያ ማውጣት ደግሞ ከተከላው የከፋ ሥራ ነው።